የሚስተር ዌንደል እግር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወስዳኝ ስንመለስ አደባባዩ ላይ ሙዚቃ ሰማሁ። ሽማግሌዎች አንድ ማይክ ከበው ባንጆ፣ ጊታር፣ ማንዶሊንና ቫዮሊን ይጫወታሉ። ተራው የደረሰው ወደ ማይኩ ጠጋ ይላል፤ ሲጨርስ ገለል ብሎ ለሌላው ይለቃል። ቆምኩ።

«እማማ፣ ሌትስ ጎ፤ ፓርኪንጉ ሊያልቅብን ነው» አለችኝ።

«ቆይ እስኪ፣ እግራቸውን ልይ።»

«ዋት? የማንን እግር?» ብላ ሳቀች።

እሷ በምን ታውቃለች? ብሉግራስ ይሉታል ይህን ሙዚቃ። እኔ በወጣትነቴ፣ ከኮምቦልቻ ወደዚህ አገር መጥቼ ብዙም ሳልቆይ፣ እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ሚስተር ዌንደል የሚባሉ ሽማግሌ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ባለቤታቸውን ሚስ ዶሪስን መርዳት ነው፤ አንዱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር። ሚስተር ዌንደል ቫዮሊን ተጫዋች ናቸው። አብረዋቸው ካረጁ ጓደኞቻቸው ጋር በየከተማው እየዞሩ ይጫወታሉ። ምድር ቤት ሲለማመዱ እኔ ላይ ቤት ልብስ እያጠፍኩ እሰማቸዋለሁ።

«ክላይድ፣ አንተ ባንጆህን ቃኝተህ እስክትጨርስ እኮ ሚስቴ ሁለት ልጅ ወለደች!» ይላሉ ሚስተር ዌንደል።

«እኔስ እቃኛለሁ። አንተ መቃኘት የሚባል ነገር መኖሩንም የሰማህ አትመስልም» ይላቸዋል ክላይድ።

ትምህርት ቤት አልገባሁምና ሁሉን የተማርኩት በዓይኔ ነው፤ የእነሱንም ደንብ እንዲሁ ያዝኩት። ዘፈኑን የጀመረው ሰው ነው የሚጨርሰው። ዜማው እየዞረ ይሄድና ማብቂያው ሲደርስ ጀማሪው አንድ እግሩን ከመሬት ያነሳል። ያንን አይተው ሁሉም እኩል ያቆማሉ። እሱ ሳያነሳ ሌላው ቢያቆም ነውር ነው።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ሚስተር ዌንደል መርሳት ጀመሩ። ቁርስ ሳቀርብላቸው ስሜን ይጠይቁኛል። ቫዮሊኑን ሲይዙ ምንም አይጠፋቸውም፤ ጓደኞቻቸው ግን ፈርተዋል። አንድ ቅዳሜ ተራራው ሥር ባለች ትንሽ ከተማ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ ስንሄድ፣ ሚስ ዶሪስ መኪናው ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ዛሬ ካበላሸ ሌላ ሰው ይተኩበታል። ያለ ሙዚቃው ደግሞ ምን ይቀረዋል?» አሉኝ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፉ ሁሉ ቀይ ነበር።

አዳራሹን የበቆሎ ዳቦና የተቀቀለ አፕል ሽታ ሞልቶታል። ባቄላው የአሳማ ስብ አለበት ሲሉኝ ዳቦዬን ብቻ ይዤ ከሚስ ዶሪስ ጋር ከፊት ተቀመጥኩ።

አጀማመሩ መልካም ነበር። ከዚያ ሚስተር ዌንደል አንድ ፈጣን ዘፈን ጀመሩ፤ ሰዉ ተነስቶ ጨፈረ። ዜማው ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። ጨፋሪዎቹ ደክሟቸው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ዘፈኑ ግን አላለቀም። ክላይድ ጣቶቹ ዝለው የሚስተር ዌንደልን ጫማ ብቻ ያያል። ጫማው ከወለሉ አልተነሳም። ሚስተር ዌንደል ወደ እኛ አዩ፤ ገበያ መሀል እናቱ የጠፋችበት ልጅ ዓይን ነበር።

«ምን ይሻላል?» አልኩ።

ሚስ ዶሪስ ሁለት እጃቸውን ከማይታዘዘው ጉልበታቸው ሥር አስገብተው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እግራቸውን አነሱ። እንዳነሱትም ቆዩ። ሚስተር ዌንደል አዩት። የራሳቸውን አነሱ፤ ሙዚቃው ቀጥ አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

መኪናው ጋ ስንደርስ፣ «ክላይድ፣ ሌላ ቫዮሊን ተጫዋች ፈልጉ» አሉ ሚስተር ዌንደል።

«ምን ሆነሃል? አሳምረህ ጨረስከው እኮ!»

«የጨረስኩት እኔ አይደለሁም።»

ክላይድ ቁልፉን እጁ ላይ ሲያገላብጥ ቆይቶ መኪናውን አስነሳ። ከከተማዋ ሳንወጣ ሚስተር ዌንደል ያንኑ ዘፈን ማንጎራጎር ጀመሩ፤ አለቀ ስል እንደገና ከመጀመሪያው። አሌክሳንድሪያ እስክንደርስ ማንም አላቋረጣቸውም። ሚስ ዶሪስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ጉልበታቸውን ያሻሉ።

አደባባዩ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች እኩል ጨረሱ። የልጅ ልጄ ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ።

ያኔ አንጀቴን የበላው የሚስተር ዌንደል መርሳት ነበር። አሁን፣ ዕድሜዬ ከእሳቸው ሲያልፍ፣ መርሳታቸውን ማወቃቸው ነው የሚከብደኝ። እኔም አንዳንድ ቀን ሶላት ላይ ቆሜ ስንተኛው ረከዓ፣ ስንተኛው ዙር ላይ እንደደረስኩ ይጠፋብኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ሰሞኑን ግን ልጄ፣ ድሮ ክፍሏ ትሰግድ የነበረችው፣ ከሥራ ስትገባ እኔን ጠብቃ ከጎኔ ትቆማለች፤ ሲጠፋብኝ እሷን አይቼ እከተላለሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።