ኤርፖርት ድረስ የሚሮጠው አፍቃሪ

«እስቲ የቱ የኤርፖርት ጥበቃ ነው ቲኬት ለሌለው ሰው ‹ግባ፣ ሮጠህ ድረስባት› የሚለው?» ብላ አንዲት ተሳፋሪ ሚኒባሱ ውስጥ አምባረቀች።

ያናደዳት ስልኳ ላይ ያለው የፍቅር ፊልም ትሬለር ነው። ከወሎ ሰፈር ጀምሮ ሻንጣዋን አቅፋ አምስቴ አየችው፤ በየመሃሉም ዞር እያለች የኋላውን መስታወት ታያለች። የአዲሱ ጫማዋ የዋጋ ወረቀት ገና አልተላጠም።

ረዳቱ ሙራድ እንደ ትሬለሩ ተራኪ ድምፁን አጎርንኖ «ይደርስባት ይሆን?» አላት።

«የኔው አይመጣም። ‹ዛሬ ቤሩት ልበር ነው› ስለው ‹እሺ› ብቻ ነው ያለኝ።»

«ይመጣል፣ እንወራረድ እህቴ።»

«ከመጣ ቲኬቴን እቀደዋለሁ። ካልመጣ አንተ ያቺን ድምፅ ሁለተኛ እንዳታወጣት።»

ኤርፖርቱ በር ላይ ወርዳ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ «ምን ይጠበቃል?» ብሎ ጮኸ። ሙራድ በሩን እንደከፈተ፣ «ሳበው፣ እንሂድ» ማለቱን ትቶ፣ የመጡበትን መንገድ ያያል።