የመነኩሲቷ እርግዝና

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርሁት ከኃጢአቱ በፊት ፔሩ የት እንዳለች ማስረዳት ስለሚኖርብኝ ነው። ይኼም ሰበብ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ሰበብ መደርደር የቆየ ልማዴ ነው።

ሙያዬ በቅኝ ግዛት ዘመን በደቡብ አሜሪካ በስፓኒሽ የተጻፉ ጽሑፎችን ማጥናት ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚህ ሙያ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለምን መረጥሁት? ለሚጠይቀኝ ሁሉ ፍቅር ይዞኝ ነው እላለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ብሳሳት የሚያርመኝ ሰው በአካባቢው እንደማይገኝ አስቀድሜ አስቤበታለሁ።

የመጀመሪያ ሹመቴን ያገኘሁት፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ፔሩ ውስጥ የኖረች አንዲት መነኩሲት ለእህቷ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ነው። በአንደኛው «ሰሞኑን ኤምባራሳዳ ስለሆንሁ መጻፍ አልቻልሁም» ትላለች። መዝገበ ቃላቴን ገለጥሁ። «ነፍሰ ጡር» ይላል። መነኩሲት አርግዛ፣ ያውም በገዛ እጇ ጽፋ! አርባ ገጽ ጻፍሁባት። የልጁ አባት ይሆናሉ ብዬ ሁለት ካህናትን ጠረጠርሁ፤ አንደኛውንማ ለገዳሙ አትክልት ስለሚልክ ብቻ አብዝቼ ጠረጠርሁት። ረዳት ፕሮፌሰር ተባልሁ። ገሳይ መንደር ያሉት እናቴም በግ አሳረዱ።

ቁርሴን የምበላው መናኸሪያው አጠገብ፣ የሺእመቤት በከፈተችው ቤት ነበር። የአንበሳሜ ከተማ ልጅ ናት፤ ዱባይ ስምንት ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። አንድ ጠዋት ፉሌን እየበላሁ ያንን ደብዳቤ እዚያ ቁርስ ለሚበሉት ባጃጅ ነጂዎች በስፓኒሽ አነበብሁላቸውና መነኩሲቷ ማርገዟን ተረጎምሁላቸው። የሺ ሳህን እንደያዘች ቆመች።

«አላረገዘችም፣ መምህር። ሥራ በዝቶባት ነው።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ዱባይ የጦርኋቸው አሮጊት የፔሩ ሰው ነበሩ፤ ከስፓኒሽ ሌላ አያውቁም። እጃቸው ዕቃ ሲሞላ ኤምባራሳዳ ነኝ ይሉ ነበር። እኔም ስልኬ ላይ ስፈልገው ነፍሰ ጡር ቢለኝ፣ በሰማንያ ዓመታቸው አረገዙ ብዬ ደንግጬ ነበር። ኋላ ስቀው፣ የድሮ ሰው አነጋገር ነው አሉኝ።»

«ይኼ የማድ ቤት ስፓኒሽ ነው» አልኋት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ፊቷ ልውጥ አለ፤ ሳህኑን እንደያዘች ወደ ጓዳ ገባች።

ቤቴ ሄጄ የቆየ መዝገበ ቃላት ፈለግሁ። ልክ ናት። በዚያ ዘመን ቃሉ ጣጣ የበዛበት፣ እጁ የተያዘ ማለት ነበር። ደብዳቤውን ወደ ታች ሳነብ፣ መነኩሲቷ ለካ የገዳሙን ጣሪያ እያስጠገነች ኖሯል። እኔ ደግሞ የምጧን ወር አስልቼላታለሁ።

ያን ጊዜ ምን ማድረግ ነበረብኝ? አንድ ሳምንት በሌላ ቤት ቁርስ ስበላ ከረምሁና ወደ የሺ ተመለስሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት? አልጠየቅኋትም። የቀሩትን ደብዳቤዎች ይዤላት ሄድሁ። ለአሮጊቷ፣ ዓይናቸው ሲደክም፣ የስፓኒሽ የጸሎት መጽሐፍ ታነብላቸው ስለነበር ማንበቡም አይቸግራትም። ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሦስት ወር አብራኝ ተቀመጠች። ስህተቴን አንድ በአንድ ለቀመችልኝ። እኔም ሁሉንም ሰብስቤ በአንድ መጽሔት ላይ በስሜ ብቻ አሳተምሁት። የእርግዝናውን ስህተት የሠራው ማን እንደሆነ በጽሑፉ ውስጥ በጨዋነት አለፍሁት። ተባባሪ ፕሮፌሰር ተባልሁ። አንዴ በስህተቴ ተሾምሁ፣ አንዴ በየሺ እርማት።

መጽሔቱን ሳሳያት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችኝ። እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጠችው።

«የኔ ስም የለበትም?» አለች። ቁጣ የለባትም፤ እንዲያው መጠየቋ ነው።

«ዲግሪ የሌለው ሰው ስም እንዲገባ ደንቡ አይፈቅድም» አልኋት።

«እንዲያ ነው?» አለችና መጽሔቱን መለሰችልኝ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ መምህር።» ከዚያ ፉሌ ላይ እንቁላል ጨመረችልኝ፤ ለሹመቴ ነው አለች።

እንዲህ ያለ ደንብ የለም። እዚያው ቁጭ ብዬ እኔው የፈጠርሁት ነው። እንቁላሉንም በላሁት።

መነኩሲቷ ሞታለች፤ አትክልት የላከውም ካህን ሞቷል፤ ከእነሱ ጋር እግዜር ያስታርቀን። የሺ ግን ዛሬም አለች፤ ስገባ ከወንበሯ ትነሣልኛለች። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን ምን በደልኋችሁ? ይቅር ልትል የምትችለው እሷ ናት። እሷ ደግሞ እንደተበደለች አታውቅም፤ ደንቡ አለ ብላ እንዳመነች ነው።