አውድማ አይደለም

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ እስቴ ስመለስ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ እበት መዛቅ ነበር። ጎረቤቱ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለ። ይበል። ከአባቴ ቀፎዎች ንብ የቀረው በአንዱ ብቻ ነበር። የሌሎቹን ንቦች ወንዙ ዳር፣ ገበሬው ሽምብራ የረጨበትን የፀረ ተባይ መርጫ በሚያጥብበት ድንጋይ ሥር ረግፈው አግኝቻቸዋለሁ።

የገደላቸው የመርጫው እጣቢ ነው ብላቸው አባቴ አላመኑኝም። ወራጅ ውኃ ምን ይሆናል፣ ይዞት ይሄዳል ይሉ ነበር። ወዴት ስላቸው ወደ ስማዳ አሉኝ። ስማዳስ ሰው የለም?

ከወንዙ ራቅ ብዬ ጉድጓድ ቆፈርሁ። ታቹን በጭቃ ደፈንሁና ገለባ፣ አፈርና የበሰበሰ እበት ቀላቅዬ ሞላሁት። መርጫው እዚያ ላይ ይታጠባል፤ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን መርዙን ቀስ እያሉ ይበሉታል። እነሱም እንደኛው አየር ይፈልጋሉ። መንደሩ «የማይታይ ከብት ልታረቢ ነው?» እያለ አሾፈብኝ። አልተናደድሁም። ውሸቴን ነው፣ ተናድጃለሁ።

ወገዳ ከተማ ዘመድ ጠይቄ ስመለስ ጉድጓዱ ጠፋብኝ። አባቴና ጎረቤቶቻችን ሥራዋን እናሳምርላት ብለው ላዩን ደልድለው፣ እህል እንደሚወቃበት አውድማ በእበት ለቅልቀውት ነበር። መስታወት መስሏል። የመርጫው እጣቢ በላዩ ተንሸራትቶ ተመልሶ ወንዝ ይገባል፤ ከሥር ያሉትም ታፍነዋል። አባቴ ከጎኑ ቆመው ምስጋና ይጠብቃሉ።

ዶማ አነሣሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የለቀለቅሁትን?»

«አባየ፣ እህል አይወቃበትም። ከታች ያሉት መተንፈስ አለባቸው።»

ሰው ሁሉ እያየ የአባቴን ልፋት ፈረካከስሁት። ቢረግሙኝም አላቆምም ነበር። እሳቸው ወደ ቀፏቸው ሄዱ፤ ያን ሰሞን ንቦቻቸው የሚሄዱበትን ሲከተሉ ይውሉ ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ ጎረቤታችን መርጫውን አዝሎ ወደ ወንዙ ሲወርድ አየሁና ልጣላው ተከተልሁት። አባቴ ቀድመውኛል። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ መርጫ የሚታጠብበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ጎረቤታችን ሳቀ። ወራጅ ውኃ ይዞት ይሄዳል ያሉን እርስዎ አይደሉም ወይ አላቸው።

«ብዬ ነበር» አሉ አባቴ። «አሁን አይታጠብም። ንቦቼ እዚህ ይጠጣሉ። የልጄ ጉድጓድ ወዲያ ነው።»

ሰውየው እኔንም እሳቸውንም አየና መርጫውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ዞረ። አባቴ ግን ከድንጋዩ አልተነሡም።