በይሉኝታ የተጠጣ ብርጭቆ

በዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ያነበብኩ ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት እየሳቅኩ ነበር። «መጠጥሽን ትተሽ አትነሺ፤ ከማታውቂው ሰው አትቀበዪ፤ ብቻሽን አትሂጂ» ይላል። ለምትጠጣው ሦስት ምክር፣ መጠጧ ውስጥ መድኃኒት ለሚጨምረው ግን አንድም። ሌባውን ትቶ በጉን የሚመክር ጽሑፍ ነው ብዬ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት፤ እሷም ሳቀች። ያኔ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ካለው ቤቴ እየተመላለሰች ትማር ነበር። ቀልዴን ሁሉ ታምናለች። ችግሩም እሱ ነበር።

ስለ ማስጠንቀቂያው ያለኝ ሐሳብ ዛሬም አልተለወጠም። ይህን የምጽፈው ግን ለመከራከር ሳይሆን አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው።

ይህች ልጅ የእህቴ ልጅ የማትለያት ጓደኛ ናት። እናቷ ቁሓ ከተማ ውስጥ ስዋ፣ ማለትም የእኛን አገር ጠላ፣ ጠምቃ ትሸጣለች። ስዋ የምትቀዳ ሴት ለእንግዳ ከማቅረቧ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ መጠጡ ንጹሕ ለመሆኑ ምስክሩ እሱ ነው። ልጅቱ ይህን ወግ ከእናቷ ቤት ይዛው ወጥታ በሄደችበት ሁሉ ታስከብረዋለች። አንድ የበዓል ቀን ቤቴ መጥታ የቀዳሁላትን ጭማቂ እንደያዘች ሳትጠጣ አየችኝ።

«ምነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቅመሱት።»

«የንጉሥ ቀማሽ ነኝ እንዴ?»

«እናቴም የንጉሥ ቀማሽ አይደለችም፤ ግን ትቀምሳለች።»

ቀመስኩላት፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቀለድኩባት። ቤቴን ፍርድ ቤት አቆመችው አልኩ። የእህቴ ልጅ በጓደኛዋ አፍራ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። የማይገባኝን ይቅርታ መቀበል አይከብደኝም።

ፈተና ባለቀ ቅዳሜ፣ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ ተማሪዎች በተከራዩት ቤት የቀን ግብዣ ነበረ። እዚያ የሆነውን በኋላ ከሁለቱም ሰምቼ ነው ያወቅኩት። ጭማቂና አረቄ በባልዲ ተበጥብጧል። የእህቴ ልጅ አልኮል ስለማትጠጣ ለስላሳ ይዛ ተቀምጣለች። አንድ የክፍላቸው ልጅ ሁለት ብርጭቆ ይዞ መጣ።

«ይሄኛው አረቄ የለበትም፤ ላንቺ ብዬ ለብቻው ነው ያስቀመጥኩት» አላት።

«ቅመስላት» አለች ጓደኛዋ።

«ምን?»

«ቀድተህ ያመጣኸው አንተ ነህ አይደል? ቅመስና ትጠጣለች።»

በዙሪያቸው የነበሩት ሳቁ። «የስዋ ቤት ሕግ እዚህም ደረሰ» አለ አንዱ። ልጁም አብሮ ሳቀ፤ አልቀመሰም ግን። ወደ እህቴ ልጅ ዞሮ «በሞቴ፣ በሰው ፊት አታሳፍሪኝ» አላት። የልጁን ፊት አየች፤ የሚስቁትን አየች፤ ተቀብላ ጠጣች። አልጠማትም፤ አላመነችውምም። እንዳይከፋው ብላ ነው። ይሉኝታን በጎ ጠባያችን ነው እያልኩ ስንት ገጽ ጽፌለታለሁ። በዚያ ቀን ሥራው ብርጭቆው ውስጥ ከተጨመረው ነገር አላነሰም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምላሷ ተሳሰረ፣ እግሯ ከዳት። ልጁ «ሰክራለች፤ ጓዳ ገብታ ትረፍ» ብሎ አንድ ክንዷን ያዘ። ጓደኛዋ ሌላውን ያዘች። «ለስላሳ የጠጣ ሰው አይሰክርም። የምትሄደው ከእኔ ጋር ነው» አለችውና ሁለት የክፍላቸውን ሴቶች በስማቸው ጠራች። «እርዱኝ» ብላ በደፈናው ብትጮህ ሁሉም ሌላው ይነሣል ብሎ እንደሚቀመጥ ታውቅ ነበር። ስማቸው የተጠራው ተነሡ፤ ልጁ ክንዷን ለቀቀ። ከብርጭቆው የተረፈውን በባዶ የውኃ ጠርሙስ ገልብጣ ከደነችው፤ ከዚያ ለእኔ ደወለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብ ኖሬ በዚያች ሰዓት አፌ ላይ የመጣልኝ ጥያቄ «ስንት ጠጣች?» የሚል ነበር።

«ጋሼ፣ እሱን ነገ ይጠይቁ። አሁን ወደ ሆስፒታል ይምጡ፤ እኛ ባጃጅ ውስጥ ነን።»

ስደርስ የእህቴ ልጅ በጎኗ ተኝታ ነበር፤ ስጠራት አትሰማም። ወጣቱ ሐኪም ጠርሙሱን አይቶ ይህን የሚመረምር መሣሪያ እንደሌላቸው፣ ጠብቀን ለፖሊስ እንድንሰጠው ነገረን። እኛም ሰጠነው፤ የቀረው የሕግ ሥራ ነው። ሐኪሙ ትንፋሿን እያዳመጠ «ብቻዋን በጀርባዋ ተኝታ ቢሆን ኖሮ ትውከቷ ሊያፍናት ይችል ነበር» አለ። ደረቷ ከፍ ሲል አብሬ እተነፍሳለሁ፤ ሲዘገይ እኔም እቆያለሁ።

አደጋው አልፏል የተባልን ጊዜ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ጓደኛዋ ቆማለች፤ ሸሚዟ ላይ ትውከት ደርቋል። ላመሰግናት ጀመርኩና እንደ ልማዴ መግቢያው ረዘመብኝ። አቋረጠችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ስትነቃ አይቆጧት። ከተቆጧት ሌላ ቀን ብትቸገር አትደውልም።»

«አንቺስ አልተቆጣሽም? ነግረሻት አልነበር?»

«ነግሬያታለሁ። ታዲያ ስለነገርኳት ትሙት?»

ስለ ምሕረት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ ያጠረ አላጋጠመኝም።

አመሻሹ ላይ የእህቴ ልጅ ዓይኗን ገለጠች። «ኣኮይ» አለችኝ፤ እኛ ጋ የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው። «ተቆጥተሃል?»

አፌ ላይ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ተሰልፈው ነበር። ሦስቱም ያማሩ፣ ሦስቱም ስለ ራሴ። ዋጥኳቸው።

«አልተቆጣሁም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኳት።

«እሷስ?»

«ውጭ ናት።»

«ጥራልኝ።»

ጠራኋት። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ወንበር አንድ ብቻ ነው። ስትገባ ብድግ ብዬ «ኖር» አልኳት፣ ለታላላቆቼ እንደምለው። ግራ ተጋብታ አየችኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?» አለች፤ ግን ደክሟት ነበርና ተቀመጠች። የእህቴ ልጅ እጇን ያዘች። እኔ እስኪነጋ ቆምኩ።