ባንኩ የገዛው ፓምፕ

ከሆሳዕና ወደ ጭሮ የተዛወርኩት ለሶላር ፓምፕ ብድር እንድሰጥ ነበር። ናፍጣ ስለጠፋ ጫታቸውን በሞተር የሚያጠጡ ገበሬዎች ይሻሙብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ለወራት ጠረጴዛዬ ድረስ የመጣ ሰው ቢኖር መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ የሚጠይቅ ነው።

በመጨረሻ ከገለምሶ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል።

"ወለድ አልበላም፣ አላበላምም" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

ከወለድ ነፃ የሚባለውን አስረዳኋቸው። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ይገዛል፣ ትርፉን በግልጽ ተናግሮ ይሸጥልዎታል፣ እርስዎ ቀስ እያሉ ይከፍላሉ።

"መጀመሪያ የእናንተ ይሆናል ማለት ነው?"

"አዎ።"

"የት ታስቀምጡታላችሁ?"

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። በወረቀት ላይ ነው የኛ የሚሆነው ልላቸው ስል ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

"እዚሁ ባንኩ ውስጥ" አልኩ።

በዕድሜ እኩያዬ የሆነው የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በሐሳቡ አልተደሰተም። ዕቃው ግን ከአዲስ አበባ በአይሱዙ መጥቶ አዳራሹ ውስጥ ተደረደረ። ደንበኞች በሶላሮቹና በግድግዳው መሃል በጎን እየገቡ ይሰለፉ ጀመር። ሐጂ መጥተው ዙሪያውን አዩት፤ አልነኩትም።

"ገና የኔ አይደለም" አሉ።

ውሉ ሊፈረም በነበረበት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ስልክ እያናገረ ሲያልፍ አንዱን ሶላር በክርኑ ገፋው። ሶላሩ ፓምፑ ላይ ወደቀና መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። ሐጂ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

"የማን ኪሳራ ነው?" አሉ ረጋ ብለው።

ሥራ አስኪያጁ እኔን አየኝ። እኔ ሶላሩን አየሁ።

"የባንኩ ነው" አልኩ።

"ዱጋ" አሉ፣ እውነት ነው ለማለት። ከዚያ መልሴን ወረፋ ለያዘው ሰው ሁሉ በኦሮምኛ ደገሙለትና ወደኔ ዞሩ። "አሁን ሽያጭ መሆኑን አመንኩ። ሌላ አምጡና እፈርማለሁ።"

ስለ ምትኩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ያደረግነው ክርክር ከዚህ ጽሑፍ ይረዝማል። ሆኖም ሶላሩ መጣ፣ ሐጂም ፈረሙ።

ፓምፑ ሥራ በጀመረበት ቀን ማሳቸው ድረስ ሄድኩ። ቱቦው መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፣ ቆይቶ ጠራ። ሐጂ እጃቸውን ታጥበው "አልሐምዱሊላህ" አሉና አንድ እቅፍ ጫት አቀረቡልኝ።

"ጴንጤ ነኝ፣ አልቅምም።"

ትንሽ አሰቡ። "ማንጎስ ይፈቅዱልሻል?"

ይፈቅዱልኛል አልኳቸው። በሚኒባስ ስመለስ ማንጎው ጭኔ ላይ ነበር፤ ጭሮ ከመጣሁ ወዲህ ሥራ የሠራሁ የመሰለኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ከገለምሶም ከበደሳም ሰው ይመጣ ጀመር። ባንኩ ከመናኸሪያው ጀርባ መጋዘን ተከራይቶ ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። ዩኒቨርሲቲ ስለ መጋዘን ያስተማረኝ ነገር የለም። አይሱዙ ሲመጣ ግን እጅጌዬን ሰብስቤ አብሬ አወርዳለሁ፤ ሶላሮቹን ማንም ሲገፋቸው ማየት አልፈልግም።