የታጠበው ቅጠል

በካናዳዋ ሳስካቱን ከተማ ብርዱ ሲጠና፣ ስማቸውን የማይናገሩ አንድ ሽማግሌ የሎርና አበባ መሸጫ ብቅ ይላሉ። ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ይቆልፋሉ። ጣቶቻቸው ውሃ ውስጥ የከረሙ ይመስል ነጥተው ተጨማደዋል፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ።

አንድ ቀን፣ «ሚስቴ መርዝ እንዳትነፋ ትለኛለች። ቅጠሉን ያጠብኩበት የሳሙና ውሃ ደግሞ ተባዮቹን አላጠፋቸውም» አሉና ከመሐረባቸው ውስጥ ቅጠል አወጡ።

ሎርና እንደ ልማዷ ቅጠሉን ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈችው። ተክል ላይ ድር የሚያደራው ቀይ ቅንቅን ካለበት፣ ነጥብ መስሎ ወረቀቱ ላይ ይራመዳል። ቅጠሉ ግን ጠረጴዛውን ሲነካ ቋ አለ።

«ውይ አባባ! ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው» ብላ ሳቀች።

«አውቃለሁ ልጄ። ሚስቴ ራስጌ ያስቀመጥኩላት አበባ ነው። ከገላዋ እየወጡ ነው የሚሰፍሩበት።»

ሎርና ወረቀቱን ልትጥል ስታነሳው፣ ቀያዮቹ ነጥቦች ወደ አውራ ጣቷ መራመድ ጀመሩ።