የሰፊው ሕዝብ ዶሮዎች

ሴቶች ተሰብስበን ምን ለማን እንስጥ ብለን ከምንጨቃጨቅ፣ የምንሰጠውን አርሰንና አጭደን ብናመጣው ይቀለን ነበር። ይህን የምለው ሌላውን ለማማት አይደለም። በዚያ ማኅበር ከሁሉም የባሰ አፍ የነበረኝ እኔ ነኝ፤ ባሌ እንኳን "ዛሬ ሃያ አንድ ነው፣ ጉሮሮሽን አርጥበሽ ሂጂ" እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ላሊበላ ላይ በማርያም ስም የሚጠጣ የሴቶች ጽዋ ነበረን። ወር በገባ በሃያ አንድ ባለተራዋ ቤት እንሰበሰባለን፤ ጠላው ይቀዳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ከዚያ እያንዳንዳችን በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን ያመጣነውን ገብስ ወይም ባቄላ አንድ ቁና ላይ እንገለብጣለን። የተጠራቀመው ለተቸገረ ይሰጣል፤ አንዴ ለቆሎ ተማሪዎች፣ አንዴ ክሊኒክ ለተኙ ድሆች፣ አንዴ ቤቷ ለተቃጠለባት። የጽዋ መሪ ወንድ ይሁን ሴት ሙሴ ነው የሚባለው። የእኛዋ ሙሴ ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ሰካራም በማስወጣት የጎለመሰ ድምፅ ስለነበራት እሷ ስትናገር ዝም የማይል ሰው የለም፣ ከእኔ በቀር።

ነገሩ የተጀመረው ከአብዮቱ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ በአንድ ጥር ወር ነው። ከቤተ ክርስቲያኖቹ በታች አሮጊት መነኮሳት የሚኖሩባት ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነበረች። ከየአገሩ "አፈሬ እዚህ ይሁን" ብለው የመጡ ናቸው። የሣር ክዳኗ ከመበስበሱ የተነሳ ገብስ በቅሎበታል። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ አያትና፣ እስከ ክረምት ካልተከደነች ፈርሳ ቦታው ለእህል መጋዘን ይሆናል፣ አሮጊቶቹም ወደየትውልድ ቀያቸው ይሸኛሉ ብሎ ሄደ።

ከአሮጊቶቹ አንዷ አክስቴ ነበሩ። እናቴ በወሊድ ስትሞት አንስተው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ቆብ ከደፉ ወዲህ "አንቺ" ማለት ቀርቶ "እማሆይ" ሆነውብኛል። የተወለዱት ሙጃ ነው፤ ሙጃ ላይ ግን የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ከመሬት በታች ገብቷል። "እኔ ቤት ቢመጡስ?" ብዬ ብሞክር "እኔ የመጣሁት ለመሞት ነው፤ አንቺ ቤት በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ማን ተረጋግቶ ይሞታል?" አሉኝ። ከዚህ ቦታ ካስነሷቸው እህል እንደማይቀምሱም ጨምረው ተናገሩ። አክስቴ ያሉትን ያደርጋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

የቁናው ገብስ ክዳን አይገዛም። ሙሴ "እያንዳንዳችን ዶሮ እናምጣ፤ ለቅበላ ዶሮ ይወደዳል፣ ሸጠን ከደጋ ጓሳ ሣር እናስመጣለን" አለች። ሁሉም ወደደው፣ ዶሮውም መጣ። ያኔ ነው ጭቅጭቁ የጀመረ። ልጇ የቆሎ ተማሪ የሆነችው "ለምን ለመነኮሳቱ? የተማሪዎቹስ ጎጆ አያፈስም?" አለች። ሌላዋ የክሊኒኩን ብርድ ልብስ አነሳች። አንዷ ደግሞ አውራ ዶሮ ይዛ መጥታ ነበርና፣ አውራ ከሴት ዶሮ ስለሚበልጥ ቃሌ እንደ ሁለት ይቆጠር ብላ ድርቅ አለች። እኔም አላስቻለኝ፤ ጎረቤቴ ያመጣቻትን ከሲታ አይቼ "ይቺስ ከእኔ ቀድማ ክርስትና የተነሳች ናት" አልኩ። ጎረቤቴ ተነስታ ወጣች። ሁለት ሰንበት በእርቅ አለቀ።

እርቁ ሲያልቅ ቅበላም አብሮ አለቀና ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ላሊበላ ላይ ዶሮ የሚገዛ ማን አለ? በወልድያ በኩል የሚመጡት ሙስሊም ነጋዴዎች ይገዙን ነበር፤ ግን ጭንቃችንን ስላወቁ በነፃ ሊወስዱ ምንም አልቀራቸው። ሙሴ ወረደችባቸው፣ እነሱም "በፋሲካ እንገናኝ እታለም" ብለው እየሳቁ ሄዱ። ዶሮዎቹን ወደየቤታችን እንመልስ ሲባል ደግሞ፣ እያንዳንዳችን የሰጠናት ዶሮ ከምትመለስልን እንደምትሻል ድንገት ታየን። በመጨረሻ ሁሉንም ወስደን እዚያችው የአሮጊቶቹ ቤት ምድር ቤት አስገባናቸው፤ ድሮ ከብት ያድርበት የነበረ ባዶ ክፍል ነው። ዶሮዎቹ እዚያ ከገቡ በኋላ ለማን ይሰጥ የሚለው ክርክር በራሱ ጊዜ ሞተ።

አክስቴ ግን ተቆጡ። "ዓለምን ንቀን መጣን ስንል፣ ዓለም በዶሮ አምሳል ተከተለችን?" አሉ። በጾም ወጥ የሚሆን ነገር ከሥራቸው እያስካካ እንዴት ተደርጎ ይጸለያል? የንስሐ አባታችን ተጠሩ። አባ ቆመው ዶሮዎቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ምናልባት ከሚገባው በላይ ተመለከቱ። ከዚያ "ማየት አያስገድፍም" ብለው ሄዱ። አክስቴም "እኔ ግን አላያቸውም" ብለው ደረጃውን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲወርዱ ሰነበቱ፤ አንድ ቀን አንዷን ገብስማ ዶሮ ረግጠው ሊወድቁ ሲሉ ግድግዳው ያዛቸው። ከዚያ ወዲህ ማየት ጀመሩ።

ጾሙ ሲጋመስ ሊቀመንበሩ ድንገት መጣ። ከአውራጃ እንግዶች እንደሚመጡበት ወሬው ቀድሞ ደርሶናል። ምድር ቤቱን አጮልቆ ሲያይ ፊቱ በራ።

"ይህ ሁሉ ዶሮ የማን ነው?" አለ።

የእኔ ነው ያለች ከበርቴ ልትባል ነው። የማኅበሩ ነው ቢባል፣ ማኅበሩን ማን ፈቀደው የሚል ይከተላል። ሙሴ ግን ጠላ ቤቷ ውስጥ የካድሬ ንግግር ስትሰማ ኖራለች፤ ቅንድቧ እንኳን ሳይነቃነቅ "የሰፊው ሕዝብ ነው" አለች።

ሰውየው ዋጠው። የሰፊውን ሕዝብ ዶሮ አርዶ ለእንግዳ ማቅረብ ጣጣ እንዳለው ያውቃል። "ታዲያ ለምን አይሸጥም?" አለ።

"ጾም ነዋ" አልኩ እኔ።

ጾም የሚለውን ቃል በሥራ ሰዓት አፉ ላይ አያደርገውም። "አዎ፣ ወቅታዊው ሁኔታ አይፈቅድም" አለ። ሚስቱ በየቅዳሜው ገበያ ሱፍና ተልባ ስትሸምት የማያያት ሰው አልነበረም። ሲወጣ ክዳኑን ቀና ብሎ አየና "ክረምቱ ግን እየመጣ ነው፤ የተባለው እንደተባለ ነው" አለ። ሳቃችን እዚያው ደረቀ።

እንግዲህ አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። ዶሮ ጾም አያውቅም፣ እንቁላሉ በየቀኑ ይጣላል፣ የሚበላው ግን የለም። ያ ድርቅ ያለችው ሴት ያመጣችው አውራ ዶሮም ሥራውን እየሠራ ነበር። ገብስማዋ አንድ ጥግ ይዛ ታቀፈች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ፋሲካ ሳይደርስ ምድር ቤቱ በጫጩት ተሞላ።

አሮጊቶቹ ያኔ ተለወጡ። ቀድሞ ከንግግራቸው ዝምታቸው የሚበዛ ሴቶች፣ የቱ ጫጩት የማን እንደሆነ ሲከራከሩ ከእኛ ማኅበር ባሰባቸው። ከምጽዋት ቆሏቸው እያኘኩ ለጫጩት ይሰጣሉ። አክስቴ ደጃፍ ላይ ዳዊት ይደግማሉ፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ግን መዝሙሩን አቋርጠው "እሽ! አንተ ከይሲ!" ይሉና መቋሚያቸውን ወደ ሰማይ ወርውረው፣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከሁሉ የገረመችኝ ግን አንድ ልጇ ሚሊሺያ ሆኖ ኦጋዴን ሄዶ የቀረባት ሴት ናት። መጥታ ከገባች ጀምሮ ከ"እግዚአብሔር ይመስገን" ሌላ ቃል ሰምተናት አናውቅም። እሷ ጫጩት ጉያዋ ውስጥ ከትታ ስታወራ ሰማኋት፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጭልፊቱ፣ ስለ ሁሉም ነገር።

ቀዳም ሥዑር ጧት፣ ቄጠማችንን ራሳችን ላይ እንዳሰርን ዶሮዎቹን ለገበያ ልንወስድ ሄድን። በሩ ተዘግቷል። ብናንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። በኋላ የሚሊሺያው እናት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

"እናትና ልጅ ማለያየት እዚህ ቤት አይሆንም" አለች።

ሙሴ ስንቱን ጎረምሳ አንገቱን ይዛ ያስወጣች ሴት፣ ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ገበያው እየሞቀ ነው። የዚያን ቀን ዋጋ ካመለጠን እስከ ክረምት ሌላ የለንም። እኔ ደሜ ፈላ፤ ሴትየዋን አልፌ ወደ አክስቴ ጮህኩ።

"እማሆይ፣ ለዶሮ ብለው ሙጃ ሊሄዱ ነው? እዚያ ማን አለዎት? ማን ሊቀብርዎት ነው?"

"ዝም በይ" አሉኝ። ተነስተው የሚሊሺያውን እናት ትከሻ ያዙና አጠገባቸው አስቀመጧት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ገብስማዋን ከጫጩቶቿ መሃል አነሱና እጄ ላይ አስታቀፉኝ።

"እናቶቹን ውሰዱ። ጫጩቶቹ ይቀራሉ" አሉ።

"ያለ እናት?" አለች ሴትየዋ።

"ያለ እናት ማሳደግ እኔ አውቅበታለሁ" አሉ አክስቴ፣ በመቋሚያቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። "ይቻትልሽ፣ ደርሳ ትጮህብኛለች።"

ጓሳው በዚያ ቀን ሽያጭ መጣ፣ ቤቷም ክረምት ሳይገባ ተከደነች፤ አሮጊቶቹንም ከዚያ ያስነሳቸው የለም። ከዚያ ዕለት እኔ የማስታውሰው ግን ወደ ገበያ የሚወስደውን ቁልቁለት ነው። አክስቴ ስታሳድገኝ አንድ ቀን እንኳን ልጄ ብላኝ አታውቅም ነበር፤ "እማሆይ" ማለቱ ጠፍቶኝ በልቤ "አንቺ፣ አንቺ" እያልኩ ወረድኩ። እንባዬ እየወረደ ገበያ መሃል ቆምኩ። አንዲት ገዢ ገብስማዋን ገልብጣ ክንፏን ገልጣ ካየች በኋላ፣ ቀና ብላ ፊቴን አየችና ተጠራጠረች።

"ምነው፣ ዶሮዋ ታማለች እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ ደህና ናት" አልኳት። "ያመመኝስ እኔን ነው።"